በግስ የተጠራች

ሥራዬ ስም መጻፍ ነው፤ ሁለት መዝገብ አለኝ፣
አረንጓዴው ለሚመጣ፣ ጥቁሩ ለሚሄድ፤
ሳቢያን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ማራገቢያዬ ይዞራል፣ አንዴ በግድ አንዴ በውድ።

ማክሰኞ ነው፣ አራት ሰዓት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣
አንድ ጎልማሳ ገባ፣ ሸሚዙን በላብ አጣብቆ፣
«እናቴን ላስመዝግብ» አለ
የሆስፒታሉን ወረቀት እንደ እንቁላል ጠብቆ።
«ስም?»
«ዘነበች።»

በጥቁሩ ጻፍኩና እጄ ቆመ።
ዘንድሮ ብቻ ስድስተኛዋ ነች።
አረንጓዴውን ገለጥኩ፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ኋላ፣
ሶልያና፣ ሂባ፣ ሲፈን፣ ነሂማ፣ ማራማዊት፣
አንዲት እንኳ ዘነበች የለች።

እስቲ በዝግታ በሉት፦ ዘነበች።
ስም ብቻ አይደለም ይኼ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣
አራት ነጥብ ብቻ የጎደለው።
ያኔ ሴት ልጅ በግስ ትጠራ ነበር፤
ተዋበች፣ አየለች፣ አሰለፈች፣ በለጠች፤
ገና ጡት ሳትይዝ
ሁሉን ሠርታ የጨረሰች።
የዛሬዎቹ ስም ያበራል፣ አልጠላሁም፤
የእኔም ልጅ ኤልዳና ናት፤
ግን ምን እንዳደረገች
ስሟ አይናገርላት።

ደግሞ ዝናብ በቋንቋችን ወንድ ነው፣
«ዘነበ» እንላለን፣ ሰማዩ ሲያወርደው።
ታዲያ ማን ናት የዘነበችው?

ጠየቅኩት። ወንበር ሳበ።
«አቦ፣ ወሬው ረጅም ነው» አለ፣ ደግሞም አላጠረ።
«የእናቴ አባት ፍሬን ያዥ ነበር፣ የባቡር፤
ያን ሌሊት አይሻ ይሁን ጅቡቲ፣ ብቻ እዚህ አልነበረ።
እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከቡ እንደ ጤፍ የተዘራ፤
ዝናቡ ላይ ነው የጣለው፣ ደንገጎ፣ ተራራው ጋ፤
አዋላጇ መጋላ፣ ምጡ ከዚራ።
በመካከል ደቻቱ፣
ቀን አሸዋ፣ ፍየል የሚሻገረው፣ ኳስ የምንጫወትበት፣
ማታ እንደ ጭነት ባቡር መጣ፣ ድንጋይ እያንገጫገጨ።
ከወዲያ ፋኖስ፣ ከወዲህ ፋኖስ።
‹አምጪ! አምጪ!› አለች አሉ አዋላጇ፣ ማዶ ሆና፣
ለማይሰማት ጆሮ።
እናቴ ማንንም ሳትጠብቅ መጣች።
ነግቶ ጎርፉ ሲጎድል
ሴትየዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ተሻገረች፣
እትብት ቆረጠችና ‹ምን ትባል?› አለች።
አያቴ ጠብታ ያልነካውን፣ ደረቁን ደጇን እያየች
‹ዘነበች› አለች።»

በክፍሏ ሦስት ነበሩ አለ፤
ዘነበች ረጅሟ፣ ዘነበች ቀይዋ፣ ዘነበች የፍሬን ያዡ፤
መምህሩ አንዷን ሲጠራ ሦስቱም ብድግ።
ኋላ ቀፊራ ሎሚ ሸጠች፣
ሠላሳ ዓመት፣ ያለ ጥላ፣ ያለ ወግ።
የሱማሌው ተሸካሚ «ሮብ» ይላት ነበር፣
በእነሱ ዝናብ ማለት ነው፤
ቡርቱካን ሻጯ «ሮባ» ስትላት፣ ያም ኦሮምኛ፣ ያም ያው ነው።
እኛ ግን ረቡዕ እየመሰለን እንስቃለን፤
እሷም ትቀበላለች፦ «ሮብ ነኝ፣ ጾም ነኝ፣
ሎሚ እንጂ ሥጋ አትጠይቁኝ።»

ዝም አልን።
ማራገቢያው ግን ዝም አላለም።
«ዝናብ ትወድ ነበር?» አልኩት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።
«ትፈራ ነበር። ደመና ደንገጎ ላይ ካየች
ሎሚዋን ሳትቆጥር ትገባለች።»

ፈረመ። ማኅተም መታሁ። ወጣ፣
በሙቀቱ ውስጥ፣ በእግሩ፣ ወደ አሸዋው ወንዝ።
እኔ መዝገቡን ከመክደኔ በፊት
ከስሟ መጨረሻ፣ ደንቡ የማይፈቅደውን
አራት ነጥብ አኖርኩ።
የኦዲቱ ልጅ ሲመጣ «ይኼ ምንድን ነው?» ይለኛል።
ይበለኝ።